ተከሳሹ የጻፈው ክስ

ሸዋሮቢት
ግንቦት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ቁልቁለት ስትወርጂ የሚከዳሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ልጃችንስ ደህና ናት? አጣዬ ዝናብ ጣለ ሲባል ሰምቼ ለእናንተ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እዚህ ሙቀቱ የምታውቂው ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ውሻ እንኳን ጥላ ሥር ተኝቶ ሰው ሲያልፍ አይጮህም። ጨጓራዬ አልተወኝም፤ እኔም በርበሬ አልተውኩም።

ስልኬን እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ አልቀየምም። ይህን ደብዳቤ ወደ አጣዬ በሚወጣ ሰው እጅ ነው የምልከው። ማንበብ እንደማትችይ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ይህን ቃል እየሰማሽ ያለሽው ከሌላ ሰው አፍ ነው ማለት ነው። ያ ሰው ልጃችን ትሆናለች ብዬ ስለምፈራ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ላንቺ የምናገረውን ለእሷ መናገር ከበደኝ። ልጄ፣ የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት። የአባትሽ ክፋት ካለበት ቦታ ስትደርሺም ድምጽሽን አትቀንሺ።

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲሸኙኝ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱን ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩትና ስድስት ወር ያህል ፊት ለፊት ተቀምጠን ተያየን። ከዚያ ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት ጠበቃ በሬን አንኳኳች። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የሚከራከር ቢሮ ከፍቷል። ኃላፊዋም፣ ጠበቃዋም፣ ወለል ጠራጊዋም እሷው ናት። ክስና አቤቱታ የሚጽፍላት ልምድ ያለው ሰው ስትፈልግ ነው ወደ እኔ የጠቆሟት። ለጽድቅ ብዬ ሄድኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ አልልሽም። ምሳ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው የሄድኩት።

በሩ ላይ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚል ሰሌዳ አለ፤ ሰው ግን ነጻ የሚለውን አያምንም። አንድ የቀወት ገበሬ ደፉ ላይ ቆሞ፣ ገንዘብ ካልተቀበላችሁ የማን ወገን ናችሁ ታዲያ ብሎ ጠየቀንና መልሳችንን ሳይሰማ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሌላዋ ፓፓያ በፌስታል አንጠልጥላ መጥታ፣ ፍሬሕይወት ስጦታ አንቀበልም ስትላት፣ ጉዳዬን ጣሉት ማለት ነው ብላ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። ፓፓያውን ከእሷው ጋር ተካፍለን በላን፤ ያን ጊዜ እንባዋን ጠረገች። እንዲህ ባለ ቦታ ነው ቀኔ የሚያልፈው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ያቺን ሰዓት ነው የማልወዳት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ጥቅምት መሊካ የምትባል ሴት ከጀውሃ በኩል መጣች። ባሏ ከሞተባት ሁለት ዓመቷ ነው። ወንዝ ዳር ማሾና ሽንኩርት የምታበቅልበት መሬት ነበራት። የባሏ ወንድም፣ ወደሽና ፈቅደሽ ለቀሽልኛል ብሎ ወረቀት አወጣባትና መሬቷን ያዘው። ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ። ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ እርዳታ ለሚሰጡ ሰዎች ስም ማስመዝገቢያ ነው ብለው ጣቷን ቀለም ያስቀቧት ነው።

ታሪኳን ሰምቼ ክሷን ጻፍኩ። ስጨርስ የአሻራውን ቀለም ከፍቼ አቀረብኩላት። እሷ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ላነብላት ጉሮሮዬን ስጠርግ ግን ቀደመችኝ። አንቱማ የጻፉት አንቱ ነዎት ጋሼ፣ ሌላ ሰው ያንብብልኝ እንጂ ወላሂ ጣቴን አላኖርም አለች። በጣም ተናደድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ስጽፍ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ፍሬሕይወት ግን ከወንበሯ ተነሥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ከላይ እስከ ታች አነበበችላት። መሊካ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። የመሬቷ አዋሳኝ በምሥራቅ በኩል ተሳስቷል አለች፤ እውነትም ተሳስቼ ነበር። አርሜ ከጻፍኩ በኋላ ነው ጣቷን ያኖረችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቢሯችን ሥርዓት ሆነ፤ የጻፈ አያነብም። እኔ ስጽፍ ፍሬሕይወት ለባለጉዳዩ ታነባለች፣ እሷ ስትጽፍ እኔ አነባለሁ። አንዳችን ከሌለን ከጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው እንጠራለን። ሰው ሁሉ ወዶታል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ መሊካ ምን ይላል ስትለኝ የሰማሁት ያንቺን ድምጽ ነው።

ታስታውሻለሽ፤ ሐምሌ 2 ቀን 2008፣ በጋሽ ታከለ ግቢ፣ ሮቃው ዛፍ ሥር ነበርን። ሽማግሌዎቹ እንድንታረቅ ለምነው ሲያቅታቸው በሰላም እንለያያቸው ተባባሉ። በቃል የተስማማነው ቤቱንና የማንጎውን ጓሮ እኩል እንድንካፈል ነበር። ወረቀቱን ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሕግ አዋቂው እኔ አይደለሁ? እኔም ጻፍኩ። ድርሻዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ በቤቱም በጓሮውም ላይ የምጠይቀው መብት የለኝም ብዬ በአንቺ ስም ጻፍኩ። አንቺ ወረቀቱን አይተሽ ምን ይላል አልሽኝ። እኔ የተስማማነውን ነው የሚለው አልኩሽ። ከዚያ አውራ ጣትሽን ይዤ ቀለሙ ላይ ነከርኩ፣ ወረቀቱ ላይም ተጫንኩት። የቀረውን ቀለም በነጠላሽ ጫፍ ጠረግሽው። ሽማግሌዎቹ ሳያነቡ ፈረሙ፤ ጋሽ ታከለ እንዲያውም መረቀኝ።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ከቆምሽ ቀጥይ። ገና አልጨረስኩም።

መስከረም ላይ ድርሻዬን ስጠኝ ብለሽ ስትልኪ ወረቀቱን አስነበብኩብሽ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ክስ ለመክፈት መጣሽ። ይህን ማንም አያውቅም፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው። ሰልፉን ጠብቀሽ ተራሽ ሲደርስ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አየሽኝ፣ አየሁሽ። ዞረሽ ሄድሽ። እኔ ቀጣይ ብዬ ተጣራሁ።

ለምን አደረግከው ብለሽኝ አታውቂም። ጠይቀሽኝ ቢሆን እዋሽሽ ነበር፤ አሁን ግን እውነቱን ልንገርሽ። ቤቱን ፈልጌው አይደለም። ጥለሽኝ ስለሄድሽ ነው። ባዶ እጇን ከቀረች የት ትደርሳለች፣ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ለምን ጥለሽኝ እንደሄድሽ ደግሞ አላጣሁትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እሷማ ፊደል አትለይም እያልኩ ሰው አስቅብሽ ነበር። አስተምረኝ ስትይኝ ነገ እያልኩ አስራ አንድ ዓመት አስጠበቅኩሽ። አንቺ የጠየቅሽኝ ይህን ብቻ ነበር።

የመሊካ ጉዳይ መጋቢት ላይ ተፈረደ። ፍሬሕይወት የተከራከረችው ቀላል ነገር ይዛ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ተነብቦለት ካልተረጋገጠ አያስረውም ይላል ሕጉ። ዳኛው ወረቀቱን ዋጋ የለውም ብለው ጣሉት፤ መሬቷም ተመለሰላት። ከችሎት ስንወጣ እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ መሊካ ሻርፗን አስተካክላ መንገድ ጀመረች። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ይህ ሕግ ድሮም ነበረ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ድሮም ነበረ አልኳት። ታዲያ የሚያውቁት ሰዎች የት ነበሩ ጋሼ አለችኝ። ልትነካኝ ብላ አይደለም፤ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው። ባጃጅ መጣላትና ገብታ ሄደች።

የት ነበርኩ? ልንገርሽ። ሚያዝያ 2013 አጣዬ በተቃጠለች ሰሞን ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲጎርፍ፣ አንቺና ልጃችን ከአይሱዙ ላይ ስትወርዱ እኔ ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክመሻል፤ እሷ አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። አልጠራኋችሁም። ቤቴ ሮጥኩና የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ራሷ ትገባለች፣ ቤቱን ታውቀዋለች ብዬ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ዋለ፣ አደረም። እናንተ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአርባ ሰው ጋር አስራ አንድ ቀን ተኛችሁ። ባዶ ሦስት ክፍል ይዤ፣ ግማሹ ያንቺ በሆነ ቤት ውስጥ፣ እግሬን አንስቼ ኑ ማለት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ማሾ በጆንያ ብልክልሽ እንደታሰረ መለስሽው። በጋሽ ታከለ በኩል ቤቱን ውሰጂው ብዬ ብልክብሽም፣ የእሱን ምጽዋት አልፈልግም ብለሽ መለስሽልኝ። ትክክል ነሽ። የራስሽን ነገር እኔ ቸር ሆኜ የምሰጥሽ ለምንድን ነው?

ስለዚህ አሁን የምጽፍልሽ ልስጥሽ ብዬ አይደለም። ክሰሺኝ ልልሽ ነው።

በሕጉ ይርጋ የሚባል ነገር አለ። መብት ያለው ሰው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ይቀርበታል። የባልና ሚስት ንብረት እንካፈል ለሚል ሰው ጊዜው ዐሥር ዓመት ነው። ያንቺ ዐሥር ዓመት የፊታችን ሐምሌ ይሞላል። ዛሬ ግንቦት 14 ነው፤ ሁለት ወር እንኳን አልቀረሽም። ይህን ቀን ከዐሥር ዓመት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ላይ የቆጠርኩት እንዲያልፍልኝ ብዬ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት ታገኛላችሁ። አንደኛው በእኔ ላይ የምታቀርቢው ክስ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚህ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ክስ የለም። ሁለተኛው ያ የ2008ቱ ወረቀት ነው፤ ዋናው። እኔ ጋ ሊቀመጥ አይገባም። በማንም ሹም ፊት አልተነበበልሽም፤ ስለዚህ አያስርሽም፤ ያን ቀንም አያስርሽም ነበር፤ እኔም ያን ቀን ይህን አውቅ ነበር። አቅም ለሌለው ሰው ያለ ዳኝነት ክፍያ የሚከፈትበት መንገድ ስላለ የምትከፍይው ነገር የለም።

ክሱን ጽፌ ለፍሬሕይወት ሰጠኋት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ሳቋ ቆመ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነውና ለእኔ ለጻፍኩት ሰውዬ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ተከሳሽ በስህተት ድርሻዋን እንደተቀበለች አድርጎ ጽፏል የሚለው ቦታ ስትደርስ ቆመች። በስህተት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስክሪብቶዋን አንስታ ሰረዘችውና በላዩ ላይ እያወቀ ብላ ጻፈችበት። አንድ ቃል ናት፤ ግን እኔ ዐሥር ዓመት ያልደፈርኳት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ቢሮው ውስጥ ያንተ መዝገብ ሲነሳ ውጭ ትቆማለህ ተብያለሁ። እቆማለሁ። ድሮ ጋሽ ትለኝ ነበር፤ አሁንም ትለኛለች፤ ብቻ ስትለኝ ቀና ብላ አታየኝም።

ጋሽ ታከለም ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ጆሮው ስለደከመ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ሁለተኛው ከፋ። እኛ ወረቀቱን አላነበብንም፣ ያመንነው አንተን ነው አለኝ። ለምስክርነት ከተጠራ በቃሬዛም ቢሆን እንደሚመጣ ነግሮኛል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። እኔ የጻፍኩትን እኔን አምነሽ አትቀበይ። ልጃችን ካነበበችልሽ በኋላ፣ ከእኔ ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ሰው ደግሞ ያንብብልሽ። ልጄ፣ አንቺን ጠርጥሬ አይደለም፤ ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። ከጎደለ አስጨምሪበት። ከዚያ ፍሬሕይወት ጋ ነይ፤ ስልኳ ከክሱ ጀርባ ተጽፏል። መንገዱ ከከበደሽ ደውሉላት፣ እሷ ትመጣለች። አሻራሽን የምታኖሪው ሁሉም ከገባሽ በኋላ ነው፤ ጣትሽንም ማንም እንዳይዝልሽ፣ ራስሽ አኑሪው።

ይርጋን የማንሳት መብት የተከሳሹ ነው፤ ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሳቸው አያነሱትም። እኔ አላነሳም። ግን ይህንንም ቃሌን አትመኚው። ቀኑ ሳያልፍ ክፈቺ።

ቀጠሮው ቀን ስም ሲጠራ አንቺ በከሳሽ ቦታ፣ እኔ በተከሳሽ ቦታ እንቆማለን። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ቆመን አናውቅም። ዳኛው ክሱ ይነበብለት ይላሉ፤ ይነበብልኛል። ከዚያ ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ ብለው ይጠይቁኛል። መልሴን ካሁኑ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ስናገር ወደ እኔ ማየት የለብሽም። እዚያ ከሆንሽ ይበቃኛል። ከፍርዱ በኋላ በየት በኩል እንደምትወጪ አልጠይቅሽም፣ አልከተልሽምም።

ልጃችን ከእንግዲህ አባቴ ብላ እንደማትጠራኝ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ እንኳን አደረሰህ ብላ ትደውልልኛለች፤ ሁለት ደቂቃ እናወራለን፣ ያን ሁለት ደቂቃ ለወራት አስበዋለሁ። በመጪው መስከረም ካልደወለች ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

አምላክ ደጃችሁን ከእሳት ይጠብቅ። የምትውዪበትን ያብራልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የልጄን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፤ እኔን ባያሳየኝም አንቺን ያሳይሽ። የራስሽን ቤት ቁልፍ በራስሽ እጅ የምትይዢበትን ቀን ያቅርብልሽ።

የልጅሽ አባት

ላንባቢዋ፦ ክሱ ላይ የተከሳሽ አድራሻ በሚለው መስመር የቤቱን ቁጥር ብታጪው የጽሕፈት ስህተት አይደለም። መጥሪያው ጋሽ ታከለ ግቢ፣ ሮቃው ዛፍ አጠገብ ወዳለችው ሰርቪስ ክፍል ይላክልኝ፤ ከፋሲካ ወዲህ ያለሁት እዚያ ነው። ቤቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ እጠርገዋለሁ። ማንጎው ዘንድሮ በደንብ ይዟል፤ እኔ አልቀጠፍኩም። የግቢው በር ከውጭ ይገፋል፤ አልተቆለፈም።